አባ መብረቅን ማቅረብ ስላለመቻላችን

ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ዓለምነው
የሰፈራችን ቀበሌ አስተዳደር ኃላፊ
እንጅባራ

ጉዳዩ፦ በሦስት ቀን ውስጥ እንድናቀርባቸው የታዘዝናቸውን ሰው እስካሁን ያላቀረብንበትን ምክንያት በአክብሮት ስለማስረዳት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። የሐምሌ ብርድ ጉልበትዎን እንዳልነካው፣ የቢሮዎ በር እንደ ወትሮው ግጥም ብሎ እንደተዘጋ፣ ማኅተምዎም ከመሳቢያው ሳይወጣ ክረምቱን በሰላም እያሳለፈ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እንግዳው አስማረ እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ በርና መስኮት የምሠራ አናጺ ነኝ። ባለቤቴ ፀደይ ወርቅአየሁ ዳንግላ ፊዚክስ ታስተምራለች። ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ግልጽ አድርጌ የጻፍኩት ድፍረት ይዞኝ ሳይሆን፣ ቀደም ብዬ በዝግ ፖስታ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ውሃ ስለበላቸው ነው።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ስለ ወንጀላችን ጥቂት እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

እኔና ፀደይ ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆነን። ከስድስቱ ዓመት ውስጥ አብረን የኖርነው ቅዳሜና እሁድን ነው፤ ዓርብ ከሥራ በኋላ በሚኒባስ ትመጣለች፣ እሁድ ከሰዓት ትመለሳለች። ከመራራቁ ብዛት ስንገናኝ የምናወራው ጠፍቶን ነበር። እሷ የተማሪ ወረቀት ታርማለች፣ እኔ ስልኬን እነካካለሁ፣ በመሃሉ እሁድ ይደርሳል። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ፀደይ ኢንተርኔት ላይ አንድ የጨዋታ ሕግ አገኘችና ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማ መጣች። ጨዋታው በጠረጴዛ ላይ በትንንሽ የጠፈር መርከቦች የሚደረግ ውጊያ ነው። መርከቦቹ ውጭ አገር የሚሸጡ ናቸው፤ እኛ ግን እንጨት የማናጣ ሰዎች ስለሆንን፣ አገሩ ሁሉ ከሰል ከሚያደርገው ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ ቁርጥራጭ ስምንት መርከብ ቀረጽኩ። ፀደይ በጥፍር ቀለም ቀባቻቸው። ጥቁር ጨርቅ ገዝተን ኮከብ ነጠብጥበን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። እያንዳንዳችን መርከቦቻችን ወዴት እንደሚሄዱ ተደባብቀን በወረቀት እንጽፋለን፣ ወረቀቱን እኩል እንገልጣለን፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክተን እናንቀሳቅሳቸዋለን፣ የተቀራረቡት ደግሞ በሉዶ ዳይስ ይታኮሳሉ። ሕጉን ግማሹን እንረሳዋለን፤ ማን እንዳሸነፈም ብዙ ጊዜ አይታወቅም። እኔን ደስ የሚለኝ ወረቀቱ የሚገለጥባት ቅጽበት ናት። በዚህ በኩል ትመጣለች ብዬ ስጠብቃት በዚያ በኩል መጥታ ከጀርባዬ ትገኛለች፤ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች፤ እኔም ይህችን ሴት ገና እንዳላወቅኋት ይገባኛል። ክቡር ሆይ፣ ከቅዳሜ ምሳ በኋላ ካሉት ከእነዚያ ሁለት ሰዓታት የሚበልጥ ደስታ በሕይወቴ አላየሁም። አርባ ዓመት የሞላው አናጺ ይህን ሲጽፍ እንደማያፍር ይወቁልኝ።

ዘንድሮ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ሊቃናልን ነበር። ፀደይ ከትዳር አጋሯ ጋር ለመኖር ወደ እንጅባራ ለመዛወር ሦስት ዓመት ከጠየቀች በኋላ ተፈቀደላት። የቀረው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ የቤታችን አድራሻ እዚህ መሆኑን የሚገልጽና በእርስዎ ማኅተም የተመታ የነዋሪነት ማረጋገጫ፣ እስከ ሰኔ 30 ድረስ የሚገባ። እንግዲህ ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

1ኛ. በሰኔ ወር አጋማሽ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከሁለት ጥበቃዎች ጋር ቤታችን ድረስ በመምጣት ስላከበሩን እናመሰግናለን። የመጡበት ምክንያት ጎረቤታችን ወይዘሮ እናትነሽ በጭቃው ግድግዳ በኩል ፀደይ «አባ መብረቅ ከኋላህ ደርሷል፣ እጅ ስጥ» ስትል፣ እኔም «ተኩሼ ሳልጨርስ ንቅንቅ የለም» ስል በመስማታቸው ነው። በእሳቸው አልፈርድም። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል በግድግዳ ሲያልፍ የሰማች ብቻዋን የምትኖር ሴት ብትደነግጥ እውነት አላት፤ በማግስቱም አፈር ይብላኝ እያሉ መጥተው ይቅርታ ጠይቀውናል። እርስዎ ግን መርከቦቹን በዓይንዎ አይተዋል፣ በእጅዎ ይዘዋል፣ አንደኛው ላይ ፀደይ ያን ዕለት ያደሰችው የጥፍር ቀለም ገና አልደረቀም ነበርና ጣትዎን ሳይቀር ቀብቶታል። ያንን ሁሉ አይተው ጥቁሩን ጨርቅ ወደ መስኮቱ አስጠግተው ነጠብጣቦቹ የትኞቹ መንደሮች እንደሆኑ ጠየቁን። ፀደይ ጠፈር ነው ብላ ብትመልስልዎ፣ የየትኛው ወረዳ እንደሆነ አስከትለው ጠየቁ። ስምንቱንም መርከብ፣ ጨርቁን፣ ሜትሩንና ሁለቱን ዳይስ በኤግዚቢትነት ይዘው ሄዱ።

2ኛ. ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ በመጣው ሰኞ ስለደረሰን መጥሪያ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። መጥሪያው «ለአቶ አባ መብረቅ» ይላል፤ ግለሰቡ ባሉበት ተፈልገው በሦስት ቀን ውስጥ እንዲቀርቡ፣ ካልቀረቡ ቤተሰቡ እንዲያቀርባቸው ያዛል።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የዚህ አገር ሰው ነዎት። ፈረሱ መብረቅ ከተባለ ጌታው አባ መብረቅ እንደሚባል ለእርስዎ ማስረዳት ለአዘና ገበሬ ድንች ምን እንደሆነ እንደማስረዳት ይቆጠራል። የፀደይ አባት አቶ ወርቅአየሁ የጥርባ አካባቢ ገበሬ ነበሩ፤ መብረቅ የሚባል ግንባሩ ነጭ ቦራ ፈረስ ነበራቸው፤ በየዓመቱ በፈረሰኞቹ በዓል በእሱ ሲጋልቡ ኖረው ወርቅአየሁ ብሎ የሚጠራቸው ሰው አልነበረም፣ ሁሉም አባ መብረቅ ይላቸው ነበር። በመጨረሻው ዘመናቸው እኛ ቤት ገብተው፣ በእርስዎ ቀበሌ ተመዝግበው፣ ከአራት ዓመት በፊት እኛው ቤት አረፉ። ፀደይ ትልቋን መርከቧን በሳቸው ስም ጠራቻት። የእኔ መርከብ «አባ ቀስ በል» ይባላል፤ እሱ ለምን መጥሪያ እንዳልደረሰው እስካሁን አልገባኝም፤ አድልዎ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

3ኛ. ይህኛው ከሁሉም የከበደኝ ስለሆነ ትንሽ ቢረዝም ይታገሡኝ። ፀደይ መርከቧ መርከብ መሆኗን፣ ስሙም የሟች አባቷ ስም መሆኑን ለማስረዳት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ቢሮዎ መጣች። የነዋሪነት ማረጋገጫዋንም በዚያው ጠየቀች። እርስዎም በወረፋ በቆመው ሰው ሁሉ ፊት «አባትሽን አቅርቢና ማኅተምሽን ውሰጂ» አሏት። የሞት ምስክር ወረቀታቸውን አቀረበች። ወረቀቱን የፈረሙበት እርስዎ ነዎት፤ ለቅሶም መጥተዋል፤ ድንኳናችን ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ንፍሯችንን ዘግነዋል። ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ ግን ሟቹ ወርቅአየሁ እንጂ አባ መብረቅ ስላልሆኑ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጡ ሦስት ምስክሮች እንድናመጣ አዘዙ። ይህን ያህል ጥንቃቄ የተሞላበት አሠራር በመንደራችን ያስገቡ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎትና ይመስገኑ።

ምስክሮቹን አመጣን። ሦስቱም ከአባቷ ጋር ሲጋልቡ ያረጁ ፈረሰኞች ናቸው፤ ትንሹ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሰኔ 26 በዝናብ በባጃጅ ጭነናቸው ስንመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልን። ሰኔ 27 ማኅተሙን የያዘው ሰው የለም ተባልን፤ ማኅተሙን የያዙት ግን እርስዎ እንደሆኑ የመዝገብ ቤቷ ትዕግስት አንገቷን ደፍታ ነገረችን። ሰኔ 30 በመስኮት አየንዎት፣ እርስዎም አዩን፣ መጋረጃው ተዘጋ። ሽማግሌዎቹ ሦስቱንም ቀን ከቢሮዎ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ እርጥብ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲጠብቁ ዋሉ፤ አንዳቸውም አላማረሩም። ሐምሌ 1 ቀን ጠዋት አስጠርተው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቃላቸውን ተቀበሉ፣ ማረጋገጫውንም ጽፈው መቱበት። ማኅተሙ ግሩም ነበር፤ ክቡ ሙሉ፣ ቀለሙ ደማቅ፣ አንድም ፊደል ያልደበዘዘ። ቀኑ ብቻ በአንድ ቀን አልፎ ነበር። የፀደይ ቦታ ለሌላ መምህር ተሰጠ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ፀደይ ባጃጁ ውስጥ አላለቀሰችም፣ እርስዎንም አልረገመችም። ለመርከቧ ሌላ ስም ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር አለች። አባቷን በስማቸው በመጥራቷ ራሷን ስትወቅስ ሰማሁ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እፈራዎት ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ቢሮ ያለው ሰው እፈራለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ናቅሁዎ። እንዲህ ያለውን ቃል በትሕትና የሚጽፉበት መንገድ ፈልጌ ስላጣሁ ይቅርታ ይደረግልኝ።

4ኛ. ኤግዚቢቱ አልተመለሰም። መርከቦቹን በተመለከተ ሙያዊ አስተያየት እየተጠበቀ ነው ተብያለሁ። ባለሙያው ማን እንደሆነ ብጠይቅ ሊነገረኝ አልቻለም፤ ከጠፈር የሚመጣ ከሆነ መንገዱ ረጅም መሆኑን እረዳለሁ።

ከላይ ለዘረዘርኳቸው ሁሉ ማካካሻ አልጠይቅም። ማስታወቅ የፈለግሁት ውሳኔያችንን ብቻ ነው። ሚስቴ ወደ እኔ እንዳትመጣ ስላደረጉ፣ እኔ ወደ እሷ እሄዳለሁ። አሥራ አራት ዓመት የሠራሁበትን ሱቅ ዘግቼ፣ መጋዝና መላጊያዬን ጠቅልዬ፣ በዚህ ወር መጨረሻ ዳንግላ እገባለሁ። እዚያ የሚያውቀኝ ደንበኛ የለም፤ ከአንድ በር እጀምራለሁ። ስድስት ዓመት በሚኒባስ የተመላለሰችው እሷ ነበረችና መነሣት የነበረብኝ ቀድሞም እኔ ነበርኩ፤ ይህን ለማየት የእርስዎን ዓይነት ሰው በደል እንዳስፈለገኝ ሳስበው አፍራለሁ። ሰኞም ማክሰኞም ከሚስቴ ጋር እራት ለመብላት በመብቃቴ ለእርስዎ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም፤ ያደረጉልን እንዲህ እንዲሆን አስበው አለመሆኑን ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ስብሰባዎን ያብዛልዎ፤ ከደጃፍዎ ያለውን አግዳሚም ሽማግሌ አያሳጣው እያልኩ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ታዛዥ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን የቀድሞ ነዋሪዎ የሆንኩት፣

እንግዳው አስማረ
አናጺ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት መሸኛ እንዲጻፍልኝ ብጠይቅ ትዕግስት የቤታችንን የቤተሰብ ቅጽ አወጣች። በቅጹ ላይ አማቼ በሞት ተሰርዘዋል፤ ከስማቸው ሥር ግን በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ «አባ መብረቅ፣ ሥራ ያልታወቀ፣ በአሁኑ ሰዓት ከቤት የሌሉ» ተብሎ አዲስ ሰው ተመዝግቧል፤ መጥሪያ ለመጻፍ ተመዝጋቢ ስለሚያስፈልግ መሆኑ ተነገረኝ። እኔና ፀደይ ስንሠረዝ እንግዲህ በቤቱ የሚቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰውየው እንጨት ናቸው፤ የሚቀላቀሏት ሚስት የለቻቸውም፣ የሚያስመቱት ወረቀት የላቸውም፣ ደጅ ቢያስጠኗቸውም አይበርዳቸውም። ማስተዳደር የሚችሉት ነዋሪ በመጨረሻ ስላገኙ እንኳን ደስ ያለዎ።