ጠዋት ለሚታሰር እጅ ከሰዓት በኋላ ስለሚሰጥ ምርመራ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱልን? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? የአንገትዎ መዞሪያ፣ የእጅ አንጓዎ፣ አሥሩም ጣቶችዎ ደኅና ናቸው? ሌላ ሰው ቢሆን «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ በአጭሩ ያልፍ ነበር፤ እኔ ግን ጤና የሚባለው ነገር በጅምላ ተሰጥቶ በችርቻሮ እንደሚወሰድ በዚህ ዕድሜዬ ስለ ተማርሁ፣ ሰላምታዬን በየመገጣጠሚያው ዘርዝሬ ማቅረብን መርጫለሁ። ሁሉም ደኅና ከሆኑ ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ አንዱ እንኳ ካመመዎ ግን አደራዎን፣ ወደ ክፍልዎ ብቅ እንዳይሉ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ሙያዬ ከእኔ ቀድሞ ሞቷል፤ እሱን ቀብሬ ስመለስ በአያትነት ተቀጠርሁ፣ ደመወዝም ዕረፍትም የሌለው ሥራ ነው። ቀደም ሲል አሽጌ የላክሁልዎት ደብዳቤ በክብር ተቀምጦ እንደሚገኝ አልጠራጠርም፤ ፖስታ መቅደድ ጊዜ እንደሚፈጅብዎ ስለ ገባኝ ይህኛውን ሳላሽግ በአደባባይ ልኬዋለሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ጠዋት እንድትመረመርልኝ። ነገር ግን ምስጋና ሳይቀድም ልመና ማቅረብ ከባለጌ ስለሚያስቆጥር፣ አስቀድሜ የዋሉልንን ውለታ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ሰዓት አጠቃቀምዎ እናመሰግናለን። በክፍልዎ ደንብ መሠረት በሽተኛ ተራ የሚይዘው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ የሚታየው ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው፤ ጠዋቱ ለስብሰባ ነውና። ስብሰባ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። ችግሩ የባለቤቴ በሽታ ደንብዎን አለማንበቡ ላይ ነው። በሽታው እንደ አንዳንዶቻችን አርፍዶ አይገባም፤ ገና ሳይነጋ ሥራውን ይጀምራል። ሲነጋ ጣቶቿ ውሃ ነክቶት እንደ ደረቀ የቆዳ ጓንት ግትር ይላሉ፤ ፀሐይ ከፍ እያለች ስትሄድ ጥቂት በጥቂት ይፍታታሉ፤ ሐኪሞችዎ ከምሳ ሲመለሱ በሽታው የዕለት ሥራውን ጨርሶ ወጥቷል። በቦታው ያልተገኘን ተከሳሽ «ጥፋት የለበትም» ብሎ ማሰናበት ለዳኛ ቀላል ነው፤ ለእናንተም ቀሎላችኋል።

እርግጥ ነው፣ ባለቤቴም ረድታችኋለች። ይህች ሴት ከመገጣጠሚያዋ ሌላ ይሉኝታ የሚባል፣ መድኃኒት ያልተገኘለት ሕመም አለባት። ሐኪም ፊት በተኮማተረ እጅ መቅረብ ነውር ይመስላታል። ስለዚህ ከሆስፒታሉ በር ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ ትገዛና ሳትጠጣው በሁለት መዳፏ አቅፋው አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ስሟ ሲጠራ ሻዩን ለእኔ ታቀብለኛለች፤ እኔም ሳልታመም የቀዘቀዘ ሻይ ታዞልኝ ኖሬአለሁ። እሷ ግን የሞቀውን እጇን ይዛ ትገባና የሐኪሙን እጅ እንደ ደንቡ ጥብቅ አድርጋ ትጨብጣለች። «እማማ፣ ይሄን የመሰለ አጨባበጥ ይዘው ነው አመመኝ የሚሉት?» ይላታል ሐኪምዎ። እሷም እንዳይከፋው ትስቃለች። በማግሥቱ በማንኪያ የማጎርሳት እኔ ነኝ፤ ያኔ አትስቅም።

ባለቤቴ ይህን መስመር ከትከሻዬ በላይ አንብባ «አንተ ሰውዬ፣ ሐኪም እኮ ነው፣ ተው!» ብላኛለች። ሰምቻታለሁ፤ ወደሚቀጥለው ተራ አልፌአለሁ።

ሁለተኛ፤ «እርጅና ነው» ስለምትለው ቃልዎ። ይህች ቃል ርካሽ ናት፣ ላቦራቶሪ አያስፈልጋትም፣ በአንድ ትንፋሽ ትነገራለች፣ የሚከራከራትም የለም፤ ማን አላረጀሁም ብሎ ይሟገታል? በእኔ ላይ እውነት መሆኗን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። የቀኝ አውራ ጣቴ ሥር ዕድሜ ልኬን ብሎን ስፈታበት አልቋል፤ ጉልበቶቼም አልቀዋል። ጠዋት ስነሣ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ይለቁኛል፤ ሠርቼ የዋልሁ ዕለት ማታ ይጠዘጥዙኛል። ይህ የእኔ ነው፤ በአግባቡ ተጠቅሜበት ያለቀ ዕቃ ነው፣ ቅሬታ የለኝም።

የእሷ ግን ያብጥ ነበር። ይግል ነበር። የቀኙ ጣቷ ሲያብጥ የግራውም አቻው፣ ቀጠሮ እንደያዙ ሁሉ አብሮት ያብጥ ነበር። ይህን እየነገርናችሁ፣ ለእኔ እውነት የሆነችውን ቃል ለእሷም ሰጣችኋት፤ ከቃሏም ጋር አንድ ዓይነት ክኒን ለሁለታችንም ሰጣችሁ። በእኔ ሙያ ፊደሉ በመመታት ብዛት የተበላ መኪናና ውስጡ አሲድ የገባበት መኪና ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ያው የሚንቀራፈፉ ናቸው። ሁለቱንም ዘይት ቀብቶ የሚመልስ ጠጋኝ ግን ደንበኛ ያጣል። እርስዎ ደንበኛ የማጣት ሥጋት የሌለብዎ በመሆኑ እንኳን ደስ ያለዎ።

ሦስተኛ፤ ስለ ክኒኑ ራሱ ባጭሩ። ዕድሜ መጣ ሲባል ለጣት ብቻ አይመጣም፤ ለጨጓራውም ለኩላሊቱም ይመጣል። እርጅናን በመገጣጠሚያዋ ላይ አጥርተው ያዩ ዓይኖች፣ ያን የመሰለ ኃይለኛ ማስታገሻ በባዶ ሆድ እንድትወስድ ሲያዙላት በጨጓራዋ ላይ ሳያዩት ቀሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ጣቷን ላስታግስ ብላ ደም አስመለሳት። ከላይ ፎቅ ያሉ ባልደረቦችዎ ደም ሰጥተው አተረፏት። ሆስፒታሉ በአንደኛው ፎቅ የወሰደውን በሦስተኛው ፎቅ መልሷልና ሒሳባችን የተዘጋ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ጣሪያዎ። ያን የስብሰባ አዳራሽ ጣሪያ ባለፈው ዓመት ስላላስጠገኑልን ውለታዎን አልረሳም። ዝናቡ አዳራሹን አጥለቅልቆ ስብሰባው የተሰረዘበት ጠዋት፣ ባለቤቴ ሻይ ሳትገዛ፣ እጇ እንደታሰረ በድንገት ስሟ ተጠራ። አዲስ የመጣችው ወጣት ሐኪም ነበረች። ባለቤቴ ለሰላምታ እጇን ዘረጋች፤ ጣቶቿ ግን አልተዘረጉም። ወጣቷ ሐኪም አልጨበጠቻትም፤ እንቁላል የምታነሣ ይመስል ከሥር ደግፋ ያዘቻትና የጣቶቿን ሥሮች አንድ በአንድ በቀስታ ተጫነቻቸው።

«እማማ፣ ጠዋት ሲነሡ ጣቶችዎ እስኪፍታቱ ይቆያሉ?»

«ኧረ ብዙም አይደለም ልጄ፤ እስከ ምሳ ነው እንጂ።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። ደም ተመረመረ፣ ራጅ ተነሣ፣ ከዚያ ቁጭ አድርጋ እንደ ሰው አስረዳችን። ይህ ዕድሜ ብቻውን የሚያመጣው አይደለም አለች። የሰውነት ዘበኛ ውሻ ጌታውን ከሌባ መለየት ተስኖት የራሱን መገጣጠሚያ የሚነክስበት ሕመም ነው፤ በወጣትም በሽማግሌም ይመጣል፤ በእርጅና ሲመጣ ግን ከእርጅና ጋር እየተምታታ ይዘገያል። ቀድሞ ቢደረስበት የሚያቆመው መድኃኒት ነበረ፤ አሁንም እብጠቱንና ስቃዩን ይቀንሳል፤ የተጣመመውን ጣት ግን ቀና አያደርገውም። ስንነሣ ደግሞ ልጆች እንዳሉን ጠየቀች። በደም የግድ አይወርድም፣ ብቻ ጠዋት ጠዋት እጃቸው የሚታሰር ካለ ቶሎ ይምጡ አለች።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በዚህ ሰፈር ከእሷ እጅ ያልወጣ የተማሪ ልብስ አልነበረም። አሁን ጎረቤት ጨርቅ ይዛ ስትመጣ «መኪናዬ ተበላሽታብኛለች» ትላታለች። መኪናዋ ደኅና ናት። በየሳምንቱ ዘይት የምቀባት እኔ ነኝ።

ወጣቷን ሐኪም ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ እንዳዛወሯት ሰማን። ጣሪያውም ተጠግኗል አሉ። ሥራ ወዳድነትዎን እናደንቃለን።

አምስተኛ፤ ወደ ልመናዬ የሚያደርሰኝ ይህ ነው። ሴት ልጄ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ገና ሠላሳዎቹን አላጋመሰችም። ከልጇ ጋር ከእኛው ቤት ትኖራለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ብርጭቆን በሁለት መዳፏ መያዝ ጀምራለች። መቀስ ከእጇ ሲወድቅ «ደንዞ ነው» አለችን። መቀሱን ወስጄ አየሁት፤ ወረቀት ይቆርጣል። ለባለቤቴ ስነግራት «መቀሱማ አይደለም» አለችኝ።

አሁን ቁርስ ላይ ሦስት አዋቂዎች አንድ የማር ጠርሙስ ከበን እንቀመጣለን። እኔ እሞክራለሁ፣ አውራ ጣቴ እምቢ ይላል። ለባለቤቴ አቀብላታለሁ፤ እሷ ጥቂት ታየውና ለልጃችን ታሳልፈዋለች፤ ልጃችን «ኋላ እከፍተዋለሁ፣ ምን አስቸኮላችሁ» ትላለች። ከዚያ ሦስታችንም ማር እንደማንወድ እንስማማለን። የልጅ ልጄን የጫማ ክር የማስረው እኔ ነኝ። «አያቴ፣ አንተ ያሰርከው መንገድ ላይ ይፈታል፤ እማዬ ትሰረኝ» ትላለች። እናቷ ይህን ስትሰማ መስኮቱ ዘንድ ሄዳ መጋረጃ ታስተካክላለች። የእኔ እጅ ቢዝል ወጉ ነው። ሽማግሌ አባት የልጁን ሥራ ሲሠራላት ማየት ግን ከወግም ከተራም ውጭ ነው።

ወደ ክፍልዎ ይዣት መጣሁ፤ ከሰዓት በኋላ ታየች። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ይሄ እኮ የሽማግሌዎች በሽታ ነው፤ ትራስሽን ቀይሪ» ተባለች። ክቡር ሆይ፣ እናቷን አርጅተሻል ብላችሁ መለሳችኋት፤ ልጇን አላረጀሽም ብላችሁ መለሳችኋት። ለመታከም የሚመቸው ዕድሜ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ቢነገረን፣ ሁላችንም በዚያ ዕድሜ ተሰብስበን እንመጣ ነበር። ትራሱን ቀይረናል። ትራሱ ደኅና ነው።

ዳግመኛ ብንለምን ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ፣ ቀጠሮ ተሰጣት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ሁላችንም ከእናቶቻችን ሰምተናል። የእናቷ እጅ ነዶ አመድ ሆኗል፤ እሱን አምጡ አልልም። የልጄ ግን ገና ጭሱ ነው። ጣቶቿ ያብጣሉ እንጂ አልተጣመሙም፤ ስትዘረጋቸው እስካሁን ቀጥ ይላሉ፤ በየጠዋቱ ሳላስታውቃት የማየው እሱን ነው። አንድ ጠዋት፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ የደም ምርመራ ነው የምለምነው።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት እንመጣለን፤ እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ። እንዳንረብሽዎ በማሰብ ተራ አንይዝም፤ ከስብሰባ አዳራሽዎ በር ላይ፣ ከመግቢያው መሐል ነው የምንቀመጠው። ማለፍ የሚፈልግ ሐኪም «ተነሡልኝ» ቢለን በደስታ እንነሣለን። በዚያ ሰዓት ለመነሣት ግን ሦስታችንም ጊዜ ይፈጅብናል። እንግዲህ እስክንነሣ ድረስ ሐኪሞችዎ ቆመው ከሚጠብቁ፣ የልጄን እጅ ቢያዩ ጊዜያቸው አይባክንም።

ለክብርዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ከጎነበስሁበት ቀና የሚያደርገኝ ሰው እንዲልኩልኝ ግን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ዘወትር አክባሪዎ፣
ጡረተኛው የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ፤
የአንዲት ልብስ ሰፊ ባል፣ የአንዲት ፀጉር ሠሪ አባት

ማስታወሻ፤ ባለቤቴ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አስነብባኝ ስታበቃ «እኔ በማንም ላይ ቂም የለኝም ብለህ ጻፍልኝ» ብላኛለች፤ ይኸው ጽፌአለሁ። «ስለ ልጃችንስ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብዬ ስጠይቃት ግን ተነሥታ ለሰኞ የምትለብሰውን ነጠላ ከሳጥን አወጣች።