ልጅሽ የወሰደችብኝ ቆርኪዎች

ይድረስ ለተወደድሽው ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የምትውይበት እግርሽ እንዴት ሆነልሽ? የባለቤትሽ ሳልስ ለቀቀው? ትንሹስ ጥርስ አበቀለ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እርሱም የሚያጉረመርመው ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው።

አደራ ያልሽኝ ልጅሽ፣ በእኔ አጠራር ቁንጫ፣ በማባዛት ምክንያት ሦስተኛ ክፍልን ልትደግም መቃረቧን ባለፈው ጽፌልሽ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርሁበትን ዘዴ አንድም ሳላስቀር ሞከርሁባት። ትርፉ እንባ ሆነ። «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» ባልኋት ቁጥር አፏን ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

በዚህ መካከል መምህርቷ፣ በልጅነቷ እኔው ያስተማርኋት፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ልጆቹን በቆርኪ እንደምታጫውት ሰማሁ። ከዘራዬን ይዤ ገሰገስሁ። እርሷ ግን «ጋሼ፣ እዚህ ቆሞ ማየት የለም፤ ወይ ይጫወታሉ ወይ ይወጣሉ» አለችኝ። መውጣቱ ሽንፈት መስሎ ስለ ታየኝ፣ ጉልበቴ አገጬን እስኪነካ ድረስ በሕፃን ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። በቅድሚያ በወረቀት የተጻፈው የጨዋታው ደንብ አራት ነጥብ ስለ ጎደለው በቀይ አረምሁት።

ደንቡ ይህ ነው፦ ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ካርቶኖች ትስቢያለሽ፤ አባዝተሽ መልሱን ትናገሪያለሽ። ተሳስተሽ ተጋጣሚሽ ካረመሽ፣ ቆርኪሽን ጠቅልሎ ይወስዳል። የእኔ ተጋጣሚ ቁንጫ ነበረች። ሰባትና ስምንት ደረሰኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ሃምሳ አራት» አልሁ።

ቁንጫ ብድግ ብላ «አባባ፣ ሃምሳ ስድስት ነው፤ ቆርኪዎቹን ወዲህ ይበሉ» አለችኝ። የፊት ጥርሱ የወለቀ ጓደኛዋ ደግሞ «አባባ ክፍል ይደግማሉ!» ብሎ ጮኸ። ልወቅስ ሄጄ ተወቅሼ ተመለስሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ከእራት በፊት እንጫወታለን። እኔ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ፤ እርሷ እንደ ጭልፊት ትወርድብኛለች። ትናንት ውጤቷን አመጣች፤ ከሃምሳ አርባ አንድ። አራተኛ ክፍል ገብታለችና እንቅልፍሽን ተኚ።

መምህርቷም መንገድ ላይ አግኝታኝ «ጋሼ፣ የዚያን ዕለት አውቀው መሳሳትዎ ትልቅ ብልሃት ነበር» አለችኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ልጄ፣ በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም፤ ራስ መነቅነቅ ደግሞ ዓረፍተ ነገር አይደለም።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሳሉን ችላ እንዳይል ንገሪው። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። ቁንጫ ትናፍቅሻለች፤ እዚያ ቆርኪ ካለ ሰብስቢልኝ ትላለች። የእኔን ጨርሳዋለች።

አባትሽ

ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ሰኔ ፳፮ ቀን