የግራ ቤትና የቀኝ ቤት ዶሮዎች

ሰኞ

ከግራው ቤት አንዷ አኩርፋለች። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ጥግ ይዛ ቆማለች። መኖ ስበትን ሌሎቹ እየተረጋገጡ መጡ፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ኩሷ ቀጭን፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ነው። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛዋ ተከተለቻት።

ለጫልቱ ደወልኩ። ጫልቱን ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ አሁን አሰላ ሆና ለሁለተኛ ዲግሪዋ የዶሮ ጤና ታጠናለች። ከስድስት ሳምንት በፊት መኖ የተሞሉ ጆንያዎች አስጭና መጥታ፣ ደጃፌ ላይ ቆማ፣ «ቲቸር፣ ስድሳ ዶሮዎችዎን ለሁለት ይከፍሉልኛል?» አለችኝ። ሠላሳ በግራ ቤት፣ ሠላሳ በቀኝ ቤት አደረግን። ሁሉም የሚበሉት ያው በቆሎ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ነው። ልዩነቱ፣ የአንደኛው ቤት መኖ ከእርሾ የተሠራ ዱቄት ተጨምሮበታል፤ ዶሮዎቹ ባክቴሪያ የሚያመጣውን በሽታ በራሳቸው አቅም እንዲቋቋሙት ያግዛል ተብሎ። የየትኛው ቤት? እኔም አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። አማካሪዋ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ጽፎ ፖስታ ውስጥ አሽጎታል። አውቀን እንዳናዳላ ነው። ሁለቱንም አሽትቻለሁ። ቀምሼም አይቻለሁ፤ ይህን ለማንም አልናገርም። ሁለቱም ፉርሽካ ፉርሽካ ይላሉ።

«ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ። እስከዚያ ምንም መድኃኒት እንዳይሰጡ» አለችኝ።

ፈርቻለሁ። ግን እውነቱን ልጻፍና፣ ልቤ የሚመታው በፍርሃት ብቻ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ ሳስተምር የሙከራ ቱቦን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ነው ያሳየሁት። አንድም ቀን እውነተኛውን በእጄ አልያዝኩም። አሁን ሙከራው ግቢዬ ውስጥ ነው።

ማክሰኞ

ስነሳ አንዷ ሞታ አገኘኋት። ጫልቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች፤ ጓንት አጥልቃ ከፈተቻት። ጉበቷ አብጧል፤ ቀለሙ ነሐስ ይመስላል።

ጎረቤቴ ጋሽ ገመቹ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ባለፈው ሳምንት ዐሥራ ስምንት ዶሮ አልቆባቸው አራት ብቻ ነው የቀራቸው። «ፈንግል ነው። የእኔንም የፈጀው እሱ ነው። አትድከሙ» አሉ። እዚህ ሳጉሬ ዶሮ በምንም ይሙት በምን፣ ስሙ ፈንግል ነው።

«አይመስለኝም ጋሼ» አለች ጫልቱ። «ፈንግል ቫይረስ ነው። ይሄ የዶሮ ታይፎይድ የሚባለው ነው የሚመስለኝ፤ ባክቴሪያ ነው። መድኃኒት አለው።»

ጋሽ ገመቹ አጥሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «መድኃኒት አለው ነው ያልሽኝ?»

ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ጫልቱ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስልክ ጽፋ ሰጠቻቸው፤ ለአራቱ ይደርስላቸዋል።

ከዚያ ከስድሳውም፣ ከሞተችውም ሳይቀር፣ በጥጥ ናሙና ወሰድን። እኔ እይዛለሁ፣ እሷ ትወስዳለች። ክንዴ ተቧጭሯል፤ ሹራቤ ኩስ በኩስ ሆኗል። እንዲህ የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም። በሽተኛ ዶሮ ይዞ መደሰት ነውር ከሆነ ነውር ነው።

ናሙናው አሰላ ላቦራቶሪ ይገባል። ውጤቱ ቅዳሜ።

ከመሄዷ በፊት የጥናቷን ደንብ ነገረችኝ። ከአንዱ ቤት የታመሙትና የሞቱት ተደምረው ዐሥር ከሞሉ ሙከራው ይቆማል፤ ስድሳውም መድኃኒት ይጀምራሉ። መድኃኒቱን ትታልኝ ሄደች።

ቆጠራ፦ ግራ አራት። ቀኝ ዜሮ።

ረቡዕ

ግራ ሰባት፤ ከነዚህ ሁለቱ ሞተዋል። ቀኝ አንድ።

አንድ! ሦስት ጊዜ ገብቼ ቆጠርኩ። የቀኝ ቤቶቹ ይጫጫራሉ፣ ይጣላሉ፣ ቦቲዬን ይነቁራሉ። የእርሾው ዱቄት የእነሱ ነው፤ ፖስታ መክፈት አያስፈልግም! እንጀራውን ቆሜ ነው የበላሁት።

እንዳልረሳው፦ ለየቤቱ ሌላ ቦቲ፣ ሌላ ባልዲ። መጀመሪያ ቀኝ፣ ከዚያ ግራ መግባት። የሞቱትን ጉድጓድ ውስጥ ኖራ ነስንሶ መቅበር። እንቁላል ለማንም አለመስጠት።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገመቹ በአጥሩ ጠሩኝ። ውጤቱን በጉራ ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ አገጫቸውን ያዙ።

«ቲቸር፣ እንዳይቀየሙኝ። የዛሬ ሳምንት የሞቱብኝን ሊያዩ መጥተው አልነበረም?»

«መጥቼ ነበር።»

«ሲመለሱ በዚያው ጫማ ቀጥታ ግራው ቤት ገቡ። ከዚህ ሆኜ አይቼዎታለሁ። ቀኝ ቤት አልገቡም።»

በሽታውን በጫማዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያስገባሁትም ግራ ቤት ብቻ ከሆነ፣ የቀኞቹ ከአንዷ በቀር በሽታውን ጭራሽ አላገኙትም ማለት ነው። ያላገኙትን በሽታ እንዴት ተቋቋሙት ይባላል? የጫልቱ የስድስት ሳምንት ልፋት በእኔ ጫማ ገደል ገባ።

ዝም ልበል ብዬ አስቤያለሁ። ጋሽ ገመቹ ለጫልቱ አይነግሯትም። ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ፣ አንስቼ አስቀመጥኩ። በመጨረሻ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» አልኩ።

«አለሁ ቲቸር። እጽፈዋለሁ።»

«ስሜንም?»

«ጫማዎን ብቻ» አለች። ሳቀች ልበል? የሳቀች መሰለኝ።

ሐሙስ

ግራ ዘጠኝ፤ ሦስት ሞተዋል። ቀኝ ሁለት።

ዐሥረኛዋ የግራ ቤቷ ገብስማ ዶሮ ናት። ወይም አይደለችም። ውሃ መጠጫው አጠገብ ቆማለች። አንድ ክንፏ ትንሽ ወረድ ብሏል። ብርድም ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ውርጭ ነበር። ባልቆጥራትስ? አንድ ቀን ይጨመርልናል፤ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ጫልቱ ይበልጥ የሚታይ ነገር ታገኛለች። ማንም አያውቅም።

ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና ተመለከትኳት። ጠጣች። ዓይኗን ጨፈነች። ደግማ ጠጣች። እህል እጄ ላይ አድርጌ ብዘረጋላት ፊቷን አዞረች።

ዐሥር ብዬ ጻፍኩ። ስደውልላት ጫልቱ አላመነታችም፤ «በቃ፣ ይጀምሩ» አለች። መድኃኒቱን በሁለቱም ቤት ውሃ ውስጥ በጠበጥኩ።

ዓርብ

አዲስ የታመመ የለም። ከግራ አንዷ ሞተች፤ አራተኛዋ። ከቀኝ አንድም አልሞተም። ገብስማዋ ፉርሽካ ጫረች። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ጋሽ ገመቹ አራቱም ቆመው እየበሉ መሆኑን ነገሩኝ። ስለ ጫማው አልተነሳም።

ነገ የሚመጣውን የላቦራቶሪ ውጤት ፈራሁት።

ቅዳሜ

ገበያ መሀል ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ጫልቱ ደወለች።

«ቲቸር! ነበረባቸው! የቀኞቹም ነበረባቸው!»

«ጫልቱ፣ ረጋ በይ። ምን?»

ማክሰኞ በወሰድነው ናሙና ከግራ ቤት ሃያ ሁለቱ ባክቴሪያው ተገኝቶባቸዋል። ከቀኝ ቤት ደግሞ ዐሥራ ዘጠኙ! ቀኝ ቤትም ገብቶ ነበር ማለት ነው። በጫማዬ ይሁን በባልዲ፣ በወፍ ይሁን በአይጥ እንጃ፤ ብቻ ገብቷል። በሆዳቸው ይዘውት እየዞሩ ነው ያልወደቁት።

«ፖስታውስ?» አልኳት።

«አሁን ፊቴ ተከፈተ። የእርሾው ዱቄት…»

«ተናገሪ እንጂ!»

«የቀኝ ቤት ነው!»

ጮኽኩ። ባለሽንኩርቷ ደንግጣ ተነሳች፤ «ምነው ቲቸር? መርዶ ነው?» ስትል አቀፍኳት። ሽንኩርቱን ከፍዬ ሳልይዘው መጣሁ።

እሑድ

ጋሽ ገመቹ በአጥሩ ሳይሆን በበሩ መጡ። ቁጭ አድርጌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። በሽታው በላቦራቶሪም የዶሮ ታይፎይድ መሆኑን ስነግራቸው ወደ አጥሩ ማዶ ተመለከቱ።

«የእኔም እሱ ነበር ማለት ነው።»

«ይመስለኛል። ያኔ ብናውቅ ኖሮ…»

«ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር። አሁን ስሙን አወቅኩት» አሉ። ከዚያ የእርሾው ዱቄት የት እንደሚገኝ ጠየቁኝ። ገና ለገበያ እንዳልወጣ ነገርኳቸው። ይወጣ እንደሆነም አላውቅም።

ጫልቱ ራሷ እንዳልፈነጥዝ አስጠንቅቃኛለች። አንድ ግቢ ምንም አያረጋግጥም፤ ምናልባት ሌላ ቦታ እንዲህ ላይሆን ይችላል። ማክሰኞ በቆጂ ሄዳ በሌላ ሴት ግቢ ትጀምራለች፤ ቀጥሎ ሲሬ። እሺ አልኳት። አልፈነጥዝም።

ከዚያ እኔንም ይዛኝ እንድትሄድ ለመንኳት። ዶሮ መያዝ እችላለሁ፤ መቁጠርም እችላለሁ።

«በቆጂ ብርዱ አይቻልም፣ ቲቸር።»

«ካፖርት አለኝ» አልኳት።