በጆሮ ተመርምሮ ጤነኛ ስለተባለው ፍሪጄ

ለተከበሩ የማቀዝቀዣ አምራቹ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፣

ከሁሉ በፊት እንደምን ሰነበቱ እያልሁ፣ በተለይ ጆሮዎ ደህና እንዲሆን እመኛለሁ፤ የመሥሪያ ቤትዎ ሥራ ሁሉ በጆሮ እንደሚሠራ በቅርቡ ተረድቻለሁና። የምጽፍልዎ ከእርስዎ ስለገዛሁትና የእናቴ ኢንሱሊን ስለሚቀመጥበት ፍሪጅ ነው።

አንደኛ፣ «የተለመዱ ድምፆች» የምትለውን መመሪያዎን ከዳር እስከ ዳር አንብቤያለሁ። የሚንቆረቆረው በቱቦ የሚያልፈው ጋዝ፣ ቋ የሚለው በቅዝቃዜ የሚሰበሰበው ፕላስቲክ መሆኑን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። በእነዚህ አልተከራከርሁም። ያመለከትሁት ሞተሩ ለመነሣት አቃስቶ፣ ቀጭ ብሎ እየጠፋ፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ እንደገና ስለሚያቃስት ነው። ስልክ ያነሣችው ሠራተኛዎ «አባባ፣ ፍሪጅ እኮ ድምፅ አለው» አለችኝ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ አባባ ስላሰኙኝም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ ከሦስት ስልክ በኋላ ቴክኒሻን ላኩልኝ። ጆሮውን ፍሪጁ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና ቅጹ ላይ «ጤናማ» የሚለውን ሣጥን ምልክት አደረገበት። ወተቱ እየቆመጠጠ ነውና በሩን ከፍተህ እጅህን አስገባ ብዬ ብለምነው፣ «ጋሼ፣ እኔ የተላክሁት ለድምፅ ነው» አለኝ። ቅጹን አገላብጬ አየሁት፤ ልጁ አልዋሸም። አሥራ አንድ ሣጥን አለው፤ ስለ ቅዝቃዜ የሚጠይቅ አንድም የለም። ማቀዝቀዣ ሸጦ ማቀዝቀዙን የማይጠይቅ መሥሪያ ቤት እንዳለ ያን ቀን አወቅሁ።

ሦስተኛ፣ ቅጹ ላይ ፈረምሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። እናቴም «አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ፣ ባለሙያው አየው አይደል?» ብላ ገሠጸችኝ። እርሷ እርስዎን አመነች፤ እኔ ቅጽዎን። ከዚያ ፍሪጅ በሙቀት የተበላሸ ኢንሱሊን እያወጣች ሳምንታት ተወጋች፤ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኮሪደሩ መሐል ተዘርራ አገኘኋት። ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም ይዤው የሄድሁትን የመድኃኒቱን ጠርሙስ ገና በመዳፏ ይዛ «ይሄ የት ነው የሚቀመጠው?» አለች። የእርስዎ ሰዎች በአራት ወር ያልጠየቁትን እርሷ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀችው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አሥራ ሁለተኛ ሣጥን ይጨመር፤ «በሩ ተከፍቶ ታይቷል ወይ?» የሚል። ቦታ ከጠበበ የድርጅቱን አርማ ትንሽ ማሳነስ ይቻላል።

ምልክት ለተደረገበት ሣጥን ያለዎትን ጽኑ እምነት እያደነቅሁ፣ ከማይገባዎት አክብሮት ጋር፣

ፈርሞ የተጸጸተ ደንበኛዎ

ማስታወሻ፦ እናቴ ከሆስፒታል ወጥታለች። ኢንሱሊኗ አሁን ጎረቤታችን ቤት፣ ሲነሣ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጥ አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ድምፁ በመመሪያዎ የለም፣ ነገር ግን ያቀዘቅዛል። የእርስዎ ፍሪጅ ከትናንት ጀምሮ ጭራሽ ትንፍሽ አላለም። በቅጽዎ መሠረት ፈጽሞ ድኗልና እንኳን ደስ አለዎት።