የሆፕስቲል አግዳሚ

ውድ ኮኒ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ያሳመመኝ የቤተ ክርስቲያኑ ሰገነት ላይ ያለው የመጨረሻው አግዳሚ ነው። በስንት ትውልድ መቀመጫ ያልለሰለሰ እንጨት በእኔ አይለሰልስም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከመቃብር መቃብር ስንዞር እናትሽ «ሁለቱ እብዶች» ትለን ነበር። አንቺ ብሩሽ፣ እኔ የውሃ ባልዲ ይዘን፣ በመርከብ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ከደረሱት አጥባቂ ክርስቲያኖች፣ ከፒዩሪታኖቹ፣ እስከ አያቴ ያለውን የዘር ሐረጋችንን ለቃቀምነው። የዲያቆን ኤልናታን ዊቸርን ሚስት የፕሩደንስን መቃብር ስትፍቂ ድንገት ጮኽሽ።

«አጎቴ! ይህቺ ሴት የሞተችው እኮ ልጇ ከመወለዱ ሁለት ዓመት ቀድማ ነው!»

«ታዲያ ጎበዝ እናት ነበረቻ!» አልኩሽ።

«አትቀልድ!» ብለሽ ውሃውን ረጨሽብኝ።

ልጁን የወለደችው የቤቱ አገልጋይ ሆፕስቲል መሆኗን ለማወቅ የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ መዝገቦች ስናገላብጥ ክረምቱ አለቀ። ሕፃኑን አሳቅፈው በምእመናኑ ፊት አቁመው አናዘዟት። የአባቱንም ስም ተናገረች። ዲያቆኑ ከፊተኛው አግዳሚ ንቅንቅ አላለም። እሷን ሰገነት ላይ፣ መጨረሻ አስቀመጧት። «ከእንግዲህ የከተማችን መሥራቾች በሚታሰቡበት ቀን የዲያቆኑ ወንበር ላይ አንቀመጥም! ሰገነት ወጥተን ስሟን እንጠራለን» ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔማ ለወገቤ ብዬ ስከራከርሽ ነበር።

ባለፈው እሑድ፣ በመሥራቾች ቀን፣ ቀድሜ ሰገነቱ ላይ ወጣሁ። ለአንቺም ትራስ ይዤ ነበር። ቁልቁል ሳይ ሰማያዊው ኮፍያሽ ከፊት፣ የዲያቆኑ አግዳሚ ላይ፣ ከመሥራቾች ዘሮች ማኅበር ሊቀ መንበር ከሚስተር ሎሪንግ ጎን አለ። ተሳስታ ነው፣ አሁን ትነሳለች አልኩ። መዝሙሩ አለቀ። አልተነሳሽም።

ቤተሰቦች በየተራ እየቆሙ የቀደምቶቻቸውን ስም ሲጠሩ የእኛ ተራ ደረሰ። «ዲያቆን ኤልናታን ዊቸርና ባለቤቱ ፕሩደንስ» አልሽ፣ ድምፅሽ ሳይንቀጠቀጥ።

ብድግ አልኩ። «ሆፕስቲልስ? እኛ የተወለድነው ከእሷ ነው! ከዲያቆኑ አገልጋይ!»

ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። አልፈርድባቸውም፤ አምና ቅድመ አያቴ መርከቡ ቢዘገይበት ዋኝቶ ገባ ብዬ የማልኩ ሰው ነኝ። ሚስተር ሎሪንግም «አሞስ፣ ዘንድሮ ደግሞ የማን ልጅ ሆነህ መጣህ?» ብሎ ሳቁን አባሰው።

አንቺም ቀና ብለሽ አየሽኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው እውነት መሆኑን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። አብረሽ ሳቅሽ።

በኋላ ግቢው ውስጥ የበዓሉ ምሳ፣ ትኩስ ባቄላ ሲታደል ወደ እኔ መጣሽ። «አጎቴ፣ አትቀየመኝ። የማኅበሩ ጸሐፊ ሊያደርጉኝ ነው። እነሱ ዘንድ ያለ ጋብቻ የተወለደ ሐረግ አይቆጠርም። ደግሞስ ማን ተጎዳ? ሴትዮዋ ከሞተች ስንት ዘመኗ!»

«ብዪ፣ ባቄላው ይቀዘቅዛል» አልኩሽ።

ወንበሩን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ፊት መቀመጥ ማን ይጠላል? ስሟን የዘለልሽውም ፈርተሽ ነው ልበል። ሳቅሽን ግን የት ላድርገው? እነዚያ ያስቆሟት ሰዎች ጨካኞች ነበሩ፤ ነገር ግን ስትናገር አምነዋታል። መሳቂያ ያደረግናት እኛ፣ ልጆቿ ነን። እኔ በቀልዴ፣ አንቺ እያወቅሽ።

የእኔን ቃል ማንም እንደማይሰማ አየሁ። አንቺን ግን ያምኑሻል። ስለዚህ ይቅርታ ልትጠይቂኝ ኬክ ጋግረሽ እንዳትመጪ። መጀመሪያ እነሱ ፊት ቁሚና ስሟን ጥሪ፣ ጸሐፊነቱ ከእጅሽ ቢወጣም። ያን ቀን ቤቴ ሳታንኳኪ ግቢ። እስከዚያ ግን ብታንኳኪም አልከፍትም።

ከሆፕስቲል ወገን የሆነው አጎትሽ፣
አሞስ