ከዘፈኑ ሥር

ምስክር ወንድሜ፣

መካነ ሰላም ያረፍኩት እትዬ ዘሐራ ቤት ነው። ዛሬ የልጃቸውን የኡምኩልሱምን የሠርግ ቪዲዮ ከፈቱልኝ፤ እሷ አሁን አረብ አገር ናት። ሙሽራዋ እናቷን አቅፋ ታወራለች፤ የሚሰማው ግን ዘፈን ብቻ ነው። «አንተ የአዲስ አበባ ሰው ታውቅበታለህ፤ በአላህ፣ ዘፈኑን ቀንስልኝና ምን እንዳለችኝ ልስማት» አሉኝ። ስቀንሰው ቤቱ ጭጭ አለ። እትዬ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው ጆሯቸውን ሰጡ። ቪዲዮ ቀራጩ ድምጿን አጥፍቶ ዘፈን እንደጫነበት አልነገርኳቸውም። እናንተም የአዲስ አበባ ቀራጮች ይህንኑ ነው የምታደርጉት፤ ለኔ ሠርግ የመረጥክልኝ ዘፈን መቼም ጥሩ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ባለቤትህን የኔአለምንና ልጆቹን ሳምልኝ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በሠርጌ ስትመርቀኝ የቀረጽክበት ዋናው ካሴት አሁንም አለ? ሌላ ሠርግ ቀርጸህበት ከሆነ አትንገረኝ።

ንጉሡ