በእማማ የሺ ደጅ፣ በማለዳ

ኅዳር 2 ቀን 1963፣ ረቡዕ። ጠዋት
ዛሬም ሮጥን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጓሉ፣ የፍ/ቤቱ ጸሐፊ፣ ጋቢውን ሳይጥል ነው የሚሮጠው፤ ብርድ ይመታኛል ይላል። የሒሳብ አስተማሪው ይልማ ፊት ፊት። እኔ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪው፣ ኋላ፣ እንደ ልማዴ።

ማስታወሻዬ፣ ነገሩን ልንገርህ። የት/ቤታችን የስፖርት አስተማሪ ጌታቸው ጨዋታ ፈጥሯል። ደብረ ማርቆስን በካሜራ ቆራርጦ አነሳት፦ የድንጋይ አጥር፣ የድልድይ ጫፍ፣ የወፍጮ ቤት ግድግዳ። ፎቶዎቹን ለየቡድኑ በፖስታ አደለ። እየሮጡ ቦታውን መፈለግ ነው። እያንዳንዱ ቦታ ላይ በጠመኔ የጻፈው ፊደል አለ፤ እሱን መዝግቦ ማምጣት። ቀድሞ የጨረሰ ቡድን ሸራ ጫማ ይሸለማል። የኔ ጫማ አፉን ከፍቷል። የምሮጠው ለዚሁ ነው።

ኅዳር 4፣ ዓርብ
አንድ ፎቶ ብቻ ቀረን። አሮጌ የእንጨት በር፤ አንዱ ሳንቃ በቆርቆሮ ተለጥፏል። ይልማ ከአብማ ማርያም በታች አይቼዋለሁ ይላል። ነገ ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን፤ ሌሎቹ ቡድኖች ቅዳሜ ቅዳሜ ያረፍዳሉ።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ። ከሰዓት
በቅደም ተከተል ልጻፍ።

በሩን አገኘነው። ዳገቱን በሩጫ ስለወጣነው ሦስታችንም ትንፋሽ የለንም። ፎቶው በኔ እጅ ነው፤ ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ። ጓሉ ጋቢውን ተከናንቧል። ይልማ ጎኑን ወግቶት አንገቱን ደፍቷል። በሩ ተከፈተ። አንዲት ባልቴት ወጡ፤ አዩን። ምንድን ነው፣ ከየት ናችሁ አሉ። ልመልስ አፌን ከፈትኩ፤ ማለክለክ ብቻ።
«ስማቸው! ልጄን!» ብለው ወደቁ።

ስማቸው አንድ ልጃቸው ነው። ወታደር፣ ጅጅጋ። ደብዳቤ ከላከ ዓመት ሊሆነው ነው። ይህን የነገሩኝ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ እነሱም እያለቀሱ። ባልቴቷ እማማ የሺ ይባላሉ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም፦ በማለዳ፣ ሰብሰብ ብሎ፣ አንገት ደፍቶ። እኛ ሳናስበው አንዷን ሳናጎድል አደረግናት። ፎቶ ሳይቀር ታቅፈን።

ትንፋሼ ሲመለስ ጨዋታ ነው አልኩ። ፎቶውን አሳየሁ። የሰው በር ፎቶ ይዞ በጨለማ መሮጥ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው አለችኝ አንዷ ጎረቤት። እውነቷን ነው። እማማ የሺ የልጄን ፎቶ የት ደበቃችሁት ይላሉ።

ኅዳር 6፣ እሑድ
ድንኳን ተተክሏል። ይልማና ጓሉ ፈርተው ቀሩ። ብቻዬን ሄድኩ። ስለ ስማቸው የምናውቀው የለም፣ ማርያምን፣ ብዬ ማልኩ። አንድ ሽማግሌ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ልጄ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አሁን ወደ ኋላ አትበል። አሟሟቱን ንገረንና እርማችንን እናውጣ» አሉ። ከአፌ ምንም አልወጣም ነበር፤ ጥፋቱም እሱ ነው። ንፍሮ ዘገኑልኝ። ቃምኩ። ምን ላድርግ።

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ
ትናንት ለጅጅጋ ጦር ሰፈር ቴሌግራም ላክሁ። መልስ የለም። ዛሬም ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ብቀር ሸሸ ይላሉ። ብሄድ፣ ልጁ ካልሞተ ይሄን ሰው ምን ያመላልሰዋል ይላሉ። እማማ የሺ ፀጉራቸውን ተላጭተው መሬት ተቀምጠዋል። እህል አይቀምሱም። በዚህ ከቀጠሉ አይሰነብቱም ይላሉ ጎረቤቶች፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።
ጌታቸው ጨዋታውን ሰርዟል።

ኅዳር 11፣ ዓርብ
መልስ የለም። ት/ቤት ውስጥ ካርታ ሳስተምር ጣቴ ጅጅጋ ላይ ቆሞ ቀረ። እኔም መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ቢሞትስ?
ክፉ ነገር ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ። ሞቶ ቢሆን ቢያንስ ሰው በከንቱ አስለቀሰ አልባልም ብዬ አሰብኩ። ወዲያው አፈርኩ።

ኅዳር 14፣ ሰኞ
መልስ መጣ። ስማቸው ደኅና ነው፤ ድንበር ቅኝት ላይ ቆይቶ ተመለሰ። ደስታዬ ልክ የለውም። መሮጥ አማረኝ፤ ራሴን ገትቼ በእርምጃ ሄድኩ። ለእማማ የሺና ለለቀስተኛው አነበብኩላቸው። አላመኑም። «አንተው ጻፍከው፣ አንተው አነበብከው» አሉኝ። ሁለተኛ ቴሌግራም ላክሁ፦ ስማቸው ሐሙስ ስልክ ላይ ይቅረብ።

ኅዳር 17፣ ሐሙስ
እማማ የሺን ደግፈን ስልክ ቤት አደረስናቸው። ቆመው መሄድ አቅቷቸዋል። መስመሩ በአዲስ አበባ ዞሮ እስኪገናኝ ግማሽ ቀን ፈጀ። እጀታውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አዳመጡ። ድምፁ አላሳመናቸውም። ልጅ ሳለ ለጥጃይቱ ያወጣላትን ስም ጠየቁት። መለሰ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አደረጉ።
«ታዲያ ለምን አትጽፍም፣ አንተ ደረቅ?»
ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ስንወጣ እማማ የሺ ድንኳኑ ዛሬውኑ ይነቀል አሉ። ለኔ ደግሞ፣ ሁለተኛ እኔ ጋ ስትመጣ በቀትር፣ ቀስ ብለህ፣ ከሩቅ እየተጣራህ ና አሉኝ። እሺ አልኩ።

ኅዳር 19፣ ቅዳሜ። ማለዳ
ሩጫ የለም። ተኝቼ ሳለ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሦስት ሴቶች፣ ነጠላ ተከናንበው። አይናገሩም። አንዷ መሬት መሬት ታያለች።

እናቴ ደብረ ብርሃን ብቻዋን ናት። ከሰኔ ወዲህ አልጻፍኩላትም። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እናቴ ናት? አልኩ።

ግራ ገባቸው። ትልቋ ጎንበስ ብለው ክንዴን ያዙ። የኛም ልጆች ወታደሮች ናቸው፤ እንደ የሺ ልጅ በስልክ አስጠራልን ልንልህ አፍረን ነው አሉ።

ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጫማዬን እያሰርኩ ነው የምጽፈው። ስልክ ቤቱ ሁለት ሰዓት ይከፈታል። አራት መስመር አስይዛለሁ። የነሱን ሦስቱን አስቀድሜ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ የእናቴን።